የበራሪው ሰው ካባና የይበልጣል ጊደር

በመጀመሪያ በቦታው የነበርነውን በስም ልጥራ። ወሬው ከተዛመተ ወዲህ "እኔም እዚያው ነበርኩ" የሚለው ሰው በዝቷል፤ የሰዒድ አባት በረንዳ ያን ሁሉ ሰው ችሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስታዲየም ይባል ነበር።

ይበልጣል ነበረ። የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ነው፤ ለጥር ሠርግ ተቆርጦለታል፤ ድምፁ በሬ ሲነዳ ሜዳውን ስለለመደ፣ ምስጢር ሲያጫውትህ እንኳ ከርብ ወንዝ ማዶ ይሰማል። ሰዒድ ነበረ። በአባቱ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ሱሪ ያሳጥራል፤ ባለቤቱ አስረዝምልኝ ብሎ ቢሰጠውም ያሳጥራል። ግራዝማች ታከለ ነበሩ። ማዕረጉ በአብዮቱ ከተሻረ ቆይቷል፤ ዳሩ ግን "ጓድ ታከለ" ብሎ የሚጠራቸውን ሰው ጆሯቸው አይሰማም፤ "ግራዝማች" ያላቸውን ከገበያው ማዶ ሆኖ በሹክሹክታም ቢሆን ይሰሙታል። አያ ሞላ ነበሩ። የይበልጣል የወደፊት አማት ናቸው፤ ጨው ሊገዙ መጥተው ከመንገዱ ማዶ ጨው ሻጩን በዋጋ ሊያስለቅሱት ደርሰዋል። ዘግየት ብሎ ጓድ ሙሉጌታ መጣ። የቀበሌያችን የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው፤ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሥልጣኑ ግን የቴሌቪዥኑን ሳጥን ቁልፍ መያዙ ነው።

እኔም ነበርኩ። በእህል መግዣው ጣቢያ ሚዛን ላይ እሠራ ነበር። ሚዛን ላይ የሚውል ሰው ጠባዩ ይበላሻል፤ ሰው "ኩንታል ገደማ" ሲል ጥርሱን ያመዋል። እኔ ብዙ አልናገርም። የምናገረው ሰው ሲሳሳት ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ በወረታ ብዙ ወዳጅ አልነበረኝም፤ የነበሩኝም ሁለቱ፣ ይበልጣልና ሰዒድ፣ ሲሳሳቱ የሚውሉ ስለሆኑ የምናወራው አጥተን አናውቅም።

ወሩ ነሐሴ ነው። የፎገራ ሜዳ ሜዳነቱን ትቶ ባሕር ሆኗል። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ ገበያተኛው ግን እህሉን ሸጦ፣ ጨውና ጋዙን ገዝቶ ወደ ቤቱ አይሄድም። ማታ "የጋራ ግድግዳ" አለ።

"የጋራ ግድግዳ" የቴሌቪዥን ቀልድ ነው። አንድ ቤት ለሁለት ተከፍሎ፣ በአንዱ ወገን አቶ ብልሃቱ የሚባል ቆጣቢ፣ በሌላው ወገን ወይዘሮ ደስታ የምትባል ነገረኛ ይኖራሉ። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ከጭቃ የተሠራ ነው፤ እሷ ሚስማር ስትመታ የእሱ ሥዕል ይወድቃል፤ እሱ ሲያንኮራፋ የእሷ ድስት ይንቀጠቀጣል። ነገሩ ይኸው ነው። በየሳምንቱ ይኸው ነው። እኛም በየሳምንቱ እንደ አዲስ በሳቅ እንሞታለን። የቀበሌው አዳራሽ ቴሌቪዥን ምስሉ ግማሹ ሰው ግማሹ ጉንዳን ነው፤ ጉንዳኑን አልፎ ሰውየውን የማየት ጥበብ ግን ወረታ ለሁሉም ሰጥታለች። ግራዝማች ታከለ ከፊት ይቀመጡና ለሁለቱ ጎረቤታሞች ፍርድ ይሰጣሉ። "አንቺ ሴት፣ በዚህስ ተረትተሻል! ተቀመጪ!" ይላሉ። ሴትዮዋ አጋጣሚ ሆኖ የተቀመጠች እንደሆነ ግራዝማች ወደ እኛ ዞር ይላሉ፤ "አያችሁ? ሕግ የምታውቅ ሴት ናት።" በዚያ ዘመን የእርሻ ሰዎች ሩዝ የሚባል አዲስ እህል በሜዳችን ላይ ይሞክሩ ነበር፤ ግራዝማች ሩዝ የሚባል እህል አለ ብሎ ማመን አቅቷቸው እየተሟገቱ፣ ወይዘሮ ደስታ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ግድግዳ እንዳላት አልተጠራጠሩም።

በዚያ ከሰዓት በኋላ የተነሳው ነገር ግን ስለ ግድግዳው አልነበረም። ስለ በራሪው ነበር።

በራሪውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። የሰዒድ አባት ለበርበሬ መጠቅለያ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር የገዙት የፈረንጅ ወረቀት ክምር ውስጥ፣ ገጹ ሁሉ ሥዕል የሆነ መጽሐፍ ተገኘ። ሽፋን የለውም። የመጨረሻ ገጾቹን ሳልደርስባቸው ከሙን ተጠቅልሎባቸው ወደ ደብረ ታቦር ሄደዋል። የቀረውን ከበርበሬ አዳንኩት፤ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩም ክረምቱን ሙሉ ፈታሁት። ሰውየው ቀን ቀን አንገቱን ደፍቶ ሰዓት የሚጠግን ነው። የተበደለ ሰው ሲጮህ ሱቁን ይዘጋል፤ ቀይ ካባ ይለብሳል፤ ይበራል። (ሰዒድ ይህን ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ "ሱቁን ሲዘጋ ለደንበኛው ምን ይለዋል?" ብሎ ነው። የነጋዴ ልጅ ነው።) በመጽሐፉ አጋማሽ ላይ ጠላቶቹ ካባውን በእሳት ያቃጥሉበታል። እሱ ግን ያለ ካባ መብረሩን ይቀጥላል፤ ሲጠየቅም "ካባው ለብርድ ነው" ይላል። ይቺን ዐረፍተ ነገር ከመዝገበ ቃላቱ ጋር ደግሜ ደጋግሜ አመሳክሬያታለሁ። ለብርድ ነው።

እንግዲህ ይበልጣልና ሰዒድ በዚያ ሰሞን ባሕር ዳር ወርደው ሲኒማ ቤት ገቡ። የሚታየው ፊልም ደግሞ፣ የእግዜር ሥራ፣ ይኸው የእኛው በራሪ ነው። መጽሐፉን ፊልም አድርገውታል። ይበልጣል ከዚያ ከተመለሰ ጀምሮ በሬዎቹም ሳይቀሩ ፊልሙን በቃላቸው ያውቁታል።

"ከማማው ጫፍ ላይ ካባው በብረት ተያዘበታ!" አለ በዚያ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳው ላይ ቆሞ። "ትርር ብሎ ተቀደደ። ሰውየው ያን ጊዜ ዥው ብሎ ወደቀ!"

"አይወድቅም" አልኩ።

"እንዴት አይወድቅም? በዓይኔ አየሁት እኮ!"

"በመጽሐፉ ካባው ነዶ አመድ ሆኖ እንኳ ይበራል። ካባው ለብርድ ነው።"

ሰዒድ የመኪናውን መዘውር አቆመ። "ለብርድ ከሆነ ለምን ጋቢ አይለብስም?"

"ጋቢ ለብሶ የሚበር ሰው አይተህ ታውቃለህ?" አልኩት።

"ካባ ለብሶ የሚበርስ አይተህ ታውቃለህ?"

"እኔ አይቻለሁ!" አለ ይበልጣል ደረቱን እየመታ። "ባሕር ዳር! ስማ ወንድም ዓለም፣ አንተ ስለ ሰውየው አንብበሃል። እኔ ግን ራሱን ሰውየውን አይቼዋለሁ።"

 ይህ አስቆጣኝ። እኔም፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል የማይወጣኝ ሰው፣ የሰውየውን ጫማ፣ የሰውየውን ፀጉር፣ ሰዓት የሚጠግንበትን ጠረጴዛ እግር ሳይቀር እያነሳሁ ፊልሙ የቱ ጋ መጽሐፉን እንደበደለ እዘረዝር ጀመር። ይበልጣል ድምፁን ከፍ አደረገ። ማለት፣ ከርብ ማዶ አልፎ ጣራ ገዳም ያሉ መነኮሳትም ስለ ካባው አቋም መያዝ ሳይጀምሩ አልቀሩም።

ያን ጊዜ ነው ግራዝማች ታከለ ከተደገፉበት የጨርቅ ጣቃ ቀና ያሉት።

"ይህ ሙግት ነው ወይስ የቁራ ጩኸት?" አሉ።

መቼም ግራዝማችን ማወቅ ያስፈልጋል። በጃንሆይ ጊዜ ሙግት ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ከአብዮቱ ወዲህ ግን ሰው ነገሩን ሁሉ ወደ ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ስለሚወስድ፣ የሙግት ረሃብ ጠንቶባቸዋል። የተራበ ሰው የሻገተም ይበላል። የበራሪው ካባ የሻገተ ነገር እንኳ አልነበረም።

"ልጆቼ" አሉ፣ ድምፃቸው ወዲያው የሃያ ዓመት ወጣት ድምፅ ሆኖ፣ "ነገር በሥርዓቱ ሲሆን ያምራል። ቅረቡ።"

ቀረብን። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽማግሌ "ቅረቡ" ሲለኝ የምሸሸው በዚህ ምክንያት ነው። ግራዝማች የይበልጣልን ጋቢ ጫፍ ይዘው በእኔ ካፖርት የቁልፍ ቀዳዳ አሾለኩና ቋጠሩት። ቁራኛ ማለት ይህ ነው፤ ተሟጋቾች ነገራቸው እስኪያልቅ እንዳይለያዩ በልብሳቸው ጫፍ ይተሳሰራሉ። አያቶቻችን እንዲህ ተቋጥረው ጎንደር ድረስ በእግራቸው ሄደው ይሟገቱ ነበር ይባላል። እኛ ከበረንዳው ሳንወርድ ታክቶናል፤ ይበልጣል እጁን እያወናጨፈ ነው የሚያወራው፣ እሱ ባወናጨፈ ቁጥር እኔ ከወገቤ እሰግዳለሁ።

"በል እንግዲህ፣ እሰጥ በል!" አሉት ግራዝማች ለይበልጣል። "ሙግት ያለ ውርርድ የሌባ ወሬ ነው። እውነትህን ከሆነ ምን ታገባለህ፣ ምን ታስይዛለህ?"

ይበልጣል ሁለት ጊዜ ማሰብ የማይወድ ልጅ ነው፤ አንድ ጊዜም ቢሆን ካልተገደደ አያስብም።

"ቡሪትን!" አለ።

ሰዒድ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ቡሪት ጊደር ናት። ጊደር ብቻ አይደለችም፤ ጥቁርና ነጭ የተቀባች፣ ደረቷ ሰፊ፣ ወገቧ ረዥም የፎገራ ጊደር ናት፤ የወይፈን ገዢ ሁሉ ቆሞ የሚያያት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለጥር የተቆረጠው ሠርግ የቆመው በእሷ አራት እግር ላይ ነው። አያ ሞላ ልጃቸውን ለይበልጣል የሰጡት በመልኩም በአነጋገሩም አይደለም፤ ቡሪት ከሙሽራው ጋር ትመጣለች ተብሎ ነው። ቡሪት ከሌለች ሠርግ የለም። ይህን የማያውቅ ሰው ቢኖር ይበልጣል ብቻ ነው፤ እሱም ሲናደድ ብቻ ነው የማያውቀው።

"አንተስ?" አሉኝ ግራዝማች።

"መዝገበ ቃላቴን" አልኩ።

"ይታረሳል?"

"አይታረስም።"

"ይታለባል?"

"ኧረ ግራዝማች…"

"እንግዲያው የለበስከውን።"

የለበስኩት የአባቴ ካፖርት ነው። በነሐሴ፣ በወረታ፣ ካፖርት ማለት ከጣሪያ ቀጥሎ ያለ ነገር ነው። ግን ምን አስፈራኝ? እውነቱ በእጄ ነው። እረታለሁ፤ ቡሪት የእኔ ትሆናለች፤ እኔም "በል ውሰዳት፤ ሁለተኛ ግን ከመጽሐፍ ጋር አትሟገት" ብዬ በታላቅ ደግነት እመልስለታለሁ። ይህን ደግነቴን በልቤ እያዳመቅኩት ነበር። "አግብቻለሁ!" አልኩ።

ምስክር ተጠራ። ምስክሩ ሰዒድ ነው፤ ከይበልጣል ጎን ተቀምጦ ፊልሙን አይቷል።

"ካባው ሲቀደድ ሰውየው ወደቀ ወይስ በረረ?" አሉት ግራዝማች።

ሰዒድ በሁለታችን መካከል ዓይኑን አንከራተተ። "ካባው ሲያዝ አይቻለሁ። ያን ጊዜ መግሪብ ደረሰ፤ ለሶላት ወጣሁ። ስመለስ ሰውየው እርጥብ ነበር።"

"እርጥብ! ወንዝ ውስጥ ወድቆ ነዋ!" አለ ይበልጣል።

"ዝናብ ዘንቦ ሊሆን ይችላል" አልኩ።

"ፊልም ውስጥ ምን ዝናብ ይዘንባል?"

"ሰው የሚበርበት ሀገር ዝናብ አይዘንብም ያለህ ማነው?"

በዚህ መካከል የቡሪት ስም መንገዱን ተሻግሮ ጨው ሻጩ ዘንድ ደርሷል። አያ ሞላ ጨዋቸውን በትከሻቸው እንደያዙ መጡ። መጀመሪያ ቋጠሮውን አዩ፤ ቀጥሎ ይበልጣልን አዩ፤ ቀጥሎ ግራዝማችን አዩ፤ ገባቸው።

"ማንን አገባህ?" አሉ።

ይበልጣል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቡሪትን፣ አያ።"

"ለምን ነገር?"

"ለ… ለሚበር ሰውዬ።"

"እንግዲያው ልጄንም ለሚበረው ሰውዬ እሰጣታለሁ። ቡሪት ከወጣች ሠርግ የለም።" ጨዋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ተቀመጡበት። ማለት፣ ፍርዱን ሳይሰሙ አይነሱም።

ይበልጣል ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ የነሐሴ ሰማይ መስሏል። "ወደቀ እኮ" አለኝ በቀስታ። "እባክህ ወደቀ በል።" በዚህ ሁሉ ዓመት ወዳጅነታችን እንዲህ አይቼው አላውቅም። እኔ ግን ቡሪትን የምመልስለት መሆኔን ስለማውቅ በልቤ ሳቅሁ። ምንኛ የዋህ ነበርኩ።

"የጽሑፍ ማስረጃ አለኝ" አልኩና መጽሐፉን ከካፖርቴ የውስጥ ኪስ አወጣሁ።

"ማኅተም የለበትም!" ብሎ ጮኸ ይበልጣል። ሕግ እንደዚያ ያውቃል አላልኩም ነበር። ግራዝማች ግን በእጃቸው ከለከሉት፤ ገጹን ወስደው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ሥዕል ግን ያውቃሉ።

"ይህ ሰው" አሉ ጣታቸውን ገጹ ላይ አሳርፈው፣ "በሰማይ ላይ ነው። ከጀርባው ካባ የለም። ነገሩ እንደ ፀሐይ ነው።"

ረታሁ። ቀና አልኩ። ማለት፣ ቋጠሮው የፈቀደልኝን ያህል ቀና አልኩ። "ቡሪትን ተቀብያለሁ" አልኩ ያን ሲጠነሰስ የቆየ ደግነቴን ልገልጥ እየተዘጋጀሁ፤ "እኔም ለወዳጄ…"

"ምን ተቀብያለሁ ትላለህ?" አሉ ግራዝማች። "ውርርድ ለዳኛ ነው።"

"ምን?"

"ውርርድ ለዳኛ ነው እንጂ! የረታ ክብሩን ይወስዳል፤ የተረታ ያገባውን ያስገባል፤ ዳኛ ይቀበላል። ሥርዓቱ ይኸው ነው። አባቶቻችሁ አልነገሯችሁም?"

አልነገሩንም። አባቶቻችን ስለ ሙግት የነገሩን ስለ ግጥሙና ስለ አነጋገሩ ውበት ብቻ ነው፤ ጊደሯ ወደ ማን ቤት እንደምትሄድ ረስተውታል። እኔና ይበልጣል ተያየን። የእኔ እውነት ጊደሯን ለግራዝማች አስረክባ፣ ሠርግ አፍርሳ፣ ወዳጄን ገድላ ልትሄድ ነው። ካባው ለብርድ ነበር፤ እኔ ግን በላብ ተጠመቅሁ።

ይህ እንዳይበቃ ጓድ ሙሉጌታ ደረሰ። ቁልፉ በአንገቱ ተንጠልጥሏል። ከኋላው "የጋራ ግድግዳ"ን የሚጠብቀው ሕዝብ ግማሹ ተከትሎታል፤ ሰው ቁልፉን ነው የሚከተለው፣ ሙሉጌታ ግን እሱን የተከተሉት ይመስለዋል።

"ጓዶች፣ ምንድን ነው ይሄ?" ቋጠሮውን ሲያይ ደነገጠ። "ቁራኛ? በአብዮቱ ዘመን? ይህ የፊውዳል ሥርዓት ርዝራዥ ነው! ነገሩ በሂስና ግለሂስ መልክ ይታያል።" ወደ እኔ ዞረ። "ግለሰቡ ማነው?"

"የትኛው ግለሰብ?"

"የሚበረው።"

"ሰዓት ጠጋኝ ነው።"

"የራሱ ሱቅ አለው?"

"አለው።"

"ንዑስ ከበርቴ" አለ ጓድ ሙሉጌታ ራሱን እየነቀነቀ። "የመወላወል ባሕርይ አለው። አንዴ ይወድቃል፣ አንዴ ይበራል። የሚጠበቅ ነው።" ከዚያም ዋናው ነገር ትዝ አለው። "ለመሆኑ የተያዘው ንብረት የት ነው?"

"ጊደር ናት፤ ለዳኛው ናት" አሉ ግራዝማች ፈጠን ብለው።

"ጊደሯ የሰፊው ሕዝብ ናት! ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ሳጥኑ አይከፈትም።"

ይህን ማለት አልነበረበትም። ሰፊው ሕዝብ ጊደር አልጠየቀም፤ ሰፊው ሕዝብ የፈለገው ወይዘሮ ደስታን ነው። ባለፈው ሳምንት ግድግዳው መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር፤ ይፈርሳል አይፈርስም በሚል በከተማው ሁለት ወገን ተፈጥሯል። ጩኸቱ ተነሳ። "ኧረ ጨርሱልን!" "አንተ ባለ ሚዛን፣ አንዴ እንኳ ብትሸነፍ ምን ይልሃል?" "ይውደቅ በለው፣ ሰውየው ዘመድህ ነው?" ከኋላ አንዲት ሴት "ሙሉጌታ፣ ግድግዳው ቢያመልጠኝ ዛሬ እቤት የምትገባ እንዳይመስልህ!" አለች። ባለቤቱ ናት።

እንግዲህ ያለኝ መንገድ አንድ ነው፤ መረታት። ግን እንዴት? ማስረጃዬ በግራዝማች እጅ ነው፤ ሰውየው ያለ ካባ በሰማይ ላይ ተንሳፍፏል።

"ግራዝማች" አልኩ፣ "ሥዕሉን አንድ ጊዜ ይስጡኝማ።" ተቀበልኩና ገለበጥኩት። እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች ሆነ። "አሁን ልብ ብለው ይመልከቱት። ይህ ሰው እየበረረ ነው ወይስ እየወደቀ?"

ገጹን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። በውነቱ እየወደቀ ነበር። እጁን ዘርግቶ፣ ፀጉሩ ተበታትኖ፣ እንደ ኑግ ከረጢት እየወደቀ ነበር።

"የምን መውደቅ!" አለ ይበልጣል። የፈጣሪ ያለህ፣ ከእኔ ጋር መሟገት ለምዶት ነው! "እጁን አታዩም? የሚበር ሰው እጅ…"

ቋጠሮውን ሳብኩት። ይበልጣል ሰገደ። ስንገናኝ በጆሮው "ቡሪት!" አልኩት። "አዎ፣ እየወደቀ ነው" አለ ወዲያው፣ አሁንም እንደሰገደ። "ድሮም ያልኩት ይህንኑ ነው።"

ግራዝማች ዓይናቸውን አጠበቡ። ጊደር ከእጅ ስትወጣ የማይጠረጥር ዳኛ የለም። "ማል" አሉኝ። "ሚካኤልን ብለህ ማል። ሰውየው ያለ ካባ ሲበር አላየሁም በል።"

በሚካኤል በውሸት አይማልም። ይህን አያ ሞላም ያውቃሉ፤ ከተቀመጡበት ጨው ላይ ቀና ብለው አዩኝ።  እኔም እንደ ሚዛን ሰው እያንዳንዷን ቃል መዝኜ አስቀመጥኳት። "በዚህ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾች ላይ፣ ነገሩ ተፈጽሞ ሲያበቃ፣ ሰውየው ሲበር አላየሁም። ሚካኤል ምስክሬ ነው።" እውነት ነው። ሊያይ የሚችል ቢኖር ደብረ ታቦር ያለው የከሙኑ ገዢ ነው።

ግራዝማች ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ቡሪትን በዓይነ ልቦናቸው ተሰናብተው፣ ዓይናቸውን ካፖርቴ ላይ አሳረፉ።

"ተረትተሃል" አሉ። "አውልቅ።"

አወለቅሁ። ጓድ ሙሉጌታ "ካፖርቱም ቢሆን የሰፊው…" ብሎ ጀመረ። ግራዝማች ግን ቀድመው ለብሰውታል፤ እጅጌውን እያስተካከሉ "ሰፊው ሕዝብ በአንድ ካፖርት አይገባም፣ ልጄ" አሉት። ለዚህ ማንም ሂስ አልነበረውም። አያ ሞላም ጨዋቸውን አንስተው ይበልጣልን ከእግር እስከ ራሱ ቃኙት። "ሙግተኛ አልወድም" አሉ። "ሙግተኛ ካልቀረ ግን የሚረታው ይሻላል። ለጥር ጊደሯን አወፍራት።"

በዝናብ ወደ አዳራሹ ሮጠን ገባን። ቋጠሮው በዝናቡ ርሶ አልፈታ ስላለ ይበልጣል አሁን ከግራዝማች ጋር ቁራኛ ሆኗል፤ በጎናቸው ከፊት ተቀመጠ። እኔ በይበልጣል በዚህ በኩል፣ በሸሚዝ፣ ጥርሴን እያጋጨሁ። ሳጥኑ ተከፈተ፤ ጉንዳኑ መጣ፤ ከጉንዳኑ መካከል አቶ ብልሃቱ ብቅ አለ፤ አዳራሹ ፈነዳ። ይበልጣል በዙሪያው የተቀመጡትን እያየ "ዥው ብሎ! አላልኳችሁም?" ይላል። ካባው ሲቀደድ በእጁ ያሳያል፤ እጁ በተወናጨፈ ቁጥር ግራዝማች ይሰግዳሉ።

ግራዝማች ለወይዘሮ ደስታ ፍርድ መስጠት ሲጀምሩ ይበልጣል ወደ እኔ ዘንበል አለ።

"ስማ፣ እውነቱን ንገረኝ" አለ፣ ድምፁን እስከዛሬ ባልሰማሁት መጠን ዝቅ አድርጎ። "በመጽሐፉ አይወድቅም፣ አይደል?"

"አይወድቅም።"

 "እኔም በደንብ አላየሁትም" አለ። "ካባው ሲቀደድ ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ተነሳ። ትልቅ ባርኔጣ ነበረው። ሲቀመጥ በራሪው ወንዝ ዳር ቆሞ ካልሲውን ሲጨምቅ አየሁ። በመካከሉ ያለውን ከራሴ ሞላሁት።"

ምን ልበል? አፌን ብከፍት ጊደሯ ከአጠገባችን ግራዝማች ከለበሱት ካፖርት ኪስ ውስጥ ትገባለች።  አዳራሹ ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ፤ ለምን እንደተጨበጨበ እስከዛሬ አላውቅም።

ይበልጣል በጥር አገባ። ቡሪትም ተከትላ ሄደች። ሙሽራው በድግሱ ላይ ፊልሙን ለአማቶቹ ተረከላቸው፤ ሰውየው አሁን ከሁለት ማማ ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ የጎደለ ካለ በዚያ ቀን የነበራችሁ ሙሉበት። ሰዒድ፣ ካባው የተያዘው በቀኝ በኩል ነው በግራ? የጓድ ሙሉጌታ ባለቤትስ ከዚያ ቀጥሎ ምን አለች? በተረፈ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ይህችን ለወረታ ሰው አላቀርባትም። በዚያ ምሽት በባሕር ዳር ሲኒማ ቤት ተቀምጣችሁ፣ ለሶላት ያልወጣችሁ፣ ከፊታችሁም ባለ ባርኔጣ ያልተነሳባችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ወደቀ?